ውስጡ ቀይ የሆነው ቅንድብ

ክቡራትና ክቡራን፣

ክቡራት ያልኩት ማማ ንጃምቢን ነው። ከእርሳቸውና ከእኔ ሌላ በዚህ ግቢ ሴት የለችም። ክቡራን ደግሞ የቀራችሁት ሁሉ ናችሁ፤ ኦፖንዶ ሳይቀር።

ማማ ንጃምቢ፣ ስለ ቻፓቲውና ስለ ባቄላው አመሰግናለሁ። ምዜ ጊታይጋ፣ የግቢያችን ሽማግሌ፣ «የሚሄድ ሰው ሳይበላ ከግቢዬ አይወጣም» ብለው በሬዚን በርሜሎቹ ላይ ሳንቃ አስዘርግተው ገበታ ስላደረጉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ያህል ከተቆጡኝ በኋላ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። አውቃለሁ።

ወረቀት የያዝኩት ካልያዝኩ ስለማልናገር ነው። እናንተም ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት ኦፖንዶ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ደግሞ ጠየቀኝ፤ አሁንም አልሰማኝም። «በቃ፣ ዝምታ ብለንሻል» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝምታ ነኝ። «ዝምታ፣ ብሩሽ አቀብዪኝ!» «ዝምታ፣ ኧረ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ጆሯችን ደነቆረ!» እያላችሁ ስትስቁ እኔም በአፍ መሸፈኛዬ ሥር እስቅ ነበር። አላያችሁኝም እንጂ።

ዛሬ ዝምታ ትናገራለች። ብትስቁም አላቆምም።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ልጨርስ። ፋይበርግላስ ስንፍቅ ብናኙ ክንዳችን ውስጥ ይገባና ይበላናል። በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው ሲያክ ያድራል። ይህን ያስተማሩኝ ምዜ ናቸው። «ቀዝቃዛ፣ ልጄ! ቀዝቃዛ!» እያሉ ባልዲውን ራሳቸው ተሸክመው ያመጡልኝ ነበር። በሐምሌ ብርድ ፋይበርግላሱን በሚያጣብቀው ሬዚን ላይ ማድረቂያው በርከት እንደሚል፣ ያንኑ መጠን በጥር ፀሐይ የጨመረ ሰው ግን ሬዚኑ በጣሳው ውስጥ እንደሚጨስበት ያሳዩኝም እርሳቸው ናቸው። ደግሞ አንድ ሕግ አስተማሩኝ። አንድ ቀን ፎርማ፣ የመኪና አካል የምናወጣበትን ቅርጽ፣ ብቻዬን አንስቼ ስሄድ ከወዲያ ማዶ ጮኹብኝ።

«አስቀምጪው! ፎርማ አንድ ሰው አያነሳውም! ከተጠማዘዘ ይሰነጠቃል። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። ንጉሥም ቢሆን ብቻውን አያነሳውም!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ፎርማ ብቻዬን አንስቼ አላውቅም። ይህን ሕግ አትርሱብኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቅንድቦቹ ልምጣ። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ የቅንድቦቹ ነገር ነው።

አጎቴን ሙቲሶን ታውቁታላችሁ። መኪናው ኮሮላ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሰፋፊ ጎማ አስገባላትና ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ወጣ። በዝናብ ቀን የሚሄድበት መንገድ ላይ ያለ እግረኛ ሁሉ ጭቃ ለብሶ ቤቱ ይገባል። ትራፊክ ፖሊሶቹም ገና ከሩቅ ሲያዩት ፈገግ ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ ጎማውን ከላይ የሚሸፍንለት ቅንድብ ፈልጎ ወደዚህ ግቢ መጣ።

ምዜ ምን አሉት? «ለዚች አሮጊት ፎርማ የለንም። ከጃፓንም የሚመጣላት የለም። ጎማውን መልስ።»

እኔ እዚያ ጥግ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፓራውልት እየፋቅሁ ነበር። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየሁት። ማታ እቤት ሲመጣ «እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩት።

«በምንሽ?»

«በእጄ።»

«እጅሽንማ አየዋለሁ። ሌላ ነገር የለም ወይ?»

ሌላ ነገር አልነበረም። ከጋራዥ አሮጌ ፓራፋንጎ፣ የቀኝና የግራ፣ ለምኖ አመጣልኝ። ሁለቱን በአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ አስሬ አቆምኳቸው። የጎረቤት ፍሪጅ ከመጣበት ካርቶን ነጩን ፎም ወሰድኩና በዳቦ ቢላዋ ቅርጽ አወጣሁለት። አምሮ ነበር! ከዚያ አጎቴ የገዛልኝን ሬዚን ብጥብጥ አድርጌ ቀባሁት።

ሥራውን የምታውቁት አሁን ራሳችሁን ያዛችሁ። አዎ። ሬዚን ፎም ይበላል። እኔ ግን እዚህ በእንጨትና በላሜራ ስንሠራ ብቻ ስላየሁ አላወቅሁም። ፎሙ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሟሸሸ። ጎረቤቶች በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። «ሙምቡዋ! ኡጋሊሽ አረረ!» እያሉ በገንፎ ይቀልዱብኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሬት አልተከፈተችም። ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ።

ሌላ ፎም ቀረጽኩ። እንዳይነካው በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጠቀለልኩት፣ በላዩ ስቱኮ ለጠፍኩ፣ እንደ እንቁላል እስኪለሰልስ ፋቅሁት። አሁን የቀረኝ ሰም ነበር። ሰም ያልተቀባ ፎርማ ሥራውን አይለቅም፤ ተጋብተው ይቀራሉ። የግቢውን ሰም ማንም ሳያውቅ ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። እናቴ ግን ሁልጊዜ ቅዳሜ ተንበርክካ የሲሚንቶ ወለላችንን የምትወለውልበት ቀይ ሰም አላት። ጣሳውን ከአልጋ ሥር አወጣሁና እስከ ቂጡ ጠረግሁት።

«ሰሜ የት ሄደ?» አለች።

«ፎርማው ላይ» አልኳት።

ጣሳውን አየች። እኔን አየች። እሑድ የማኅበሯ ሴቶች ሲመጡ ወለላችን አመድ መስሎ ነበር። አንዷ «ዛሬ ሳትወለውዪ ቀረሽ?» ብትላት፣ እናቴ «ልጄ መኪና እየወለወለችበት ነው» አለችና ሻይ ቀዳችላቸው።

በሰሙ ላይ ፋይበርግላስና ሬዚን ደራርቤ ሲደርቅ፣ ቅንድቡን ከፎርማው ያላቀቅሁት በእናቴ የኡጋሊ ማማሰያ ነው። ከጠርዙ ሥር ሰቅስቄ ጫን ስለው «ቷ!» ብሎ ተነሳ። ጀርባው ገና ሻካራ ነበር፤ ብዙ መፋቅ ይቀረዋል። ገልብጬ ውስጡን ሳየው ግን ለስልሶ፣ ቀልቶ ያበራል። ሰሙ ቀለሙን ሰጥቶታል።

አጎቴ በቪቴ አሰራቸውና መኪናውን ዞረው፣ ዞረው። ከዚያ ተንበርክኮ እጁን ከቅንድቡ ሥር ሰደደ፣ ጎንበስ ብሎም አየ። «ሙምቡዋ፣ ይሄ የእናትሽ ወለል አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነው። የእናቴ ወለል ነው።

የቀረውን ታውቃላችሁ። አጎቴ መኪናውን እዚህ በር ላይ አቆመ። ምዜ ወጥተው አዩና «ይህን ማን ሠራው?» አሉ። አጎቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ምዜ «ፎርማውን አምጪው» አሉኝ። በኮሮላዋ ጣሪያ ላይ አስረን አመጣነው። «ለጊዜው እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀል» አሉ። ለጊዜው ያሉት ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም። ያውና፣ አሁንም ተሰቅሏል።

ከዚያ ሰው መጣ። በላይ በላይ መጣ። እኔ እንደ እናቴ ያለ ቀይ ሰም እየቀባሁ አወጣለሁ፣ እፍቃለሁ። ኦፖንዶ እየዘፈነ ቀዩን ውስጥ ጥቁር ይቀባዋል። ላዩ ላይ «ጃፓን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «ምዜ፣ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚሁ ካሪዮባንጊ ተሠራ ስትዪው ሰው ዋጋ ይከራከርሻል። ጃፓን ስትዪው ጫማውን ያወልቃል» አሉኝ።

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ወለሉን ሳየው ሳቄ ጠፋ። እናቴ በጉልበቷ የተንበረከከችበት ወለል መቼ ነው ጃፓን የሄደው?

ከዚያ ላንጋት መጣ፤ ባለ ሰማያዊዋ ሱባሩ። ድንጋይ ገጭቶ ቅንድቡ ተገንጥሎ በእጁ ይዞታል። የኦፖንዶ ጥቁር ቀለም ተልጦ ከሥሩ ቀዩ ወጥቷል።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?» አለ።

ምዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጃፓኖች እንዳይዝግ ቀይ ይቀቡበታል» አሉ።

«ፋይበርግላስ ይዝጋል እንዴ?»

ኦፖንዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አትካድ፣ አየሁህ።

እኔም «የእናቴ ወለል ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እንደ ልማዴ መተው እችል ነበር። ደግሜ አልኩት።

«ልጅቷ ምን አለች?» አለ ላንጋት።

ኦፖንዶ፣ አምላክ ይባርክህ፣ ከግድግዳው ሳትዞር «የእናቴ ወለል ነው እያለች ነው» ብለህ በዚያ በትልቁ ድምፅህ ደገምክልኝ።

ላንጋት ቅንድቡን ገለበጠው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጃፓን ያለው ማን ነው?»

«እሱን ምዜን ጠይቃቸው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳቀ። «ሌላ ሥሪልኝ። ጥቁሩን ተዪው» ብሎ ሄደ።

ምዜ ግን አልሳቁም። አስጠርተው «በደንበኛዬ ፊት አዋረድሽኝ። ወይ አፍሽን ዘግተሽ ትሠሪያለሽ፣ ወይ ትሄጃለሽ። ብትሄጂ ፎርማው ይቀራል። ከዚህ ግቢ የወጣ ሁሉ ፎርማ ትቶ ነው የወጣው» አሉኝ።

ምዜ፣ ዛሬ መልሴን ልስጥዎ። ያን ቀን እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

አፌን ዘግቼ መሥራት እችላለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚችለውም የለም፤ ስሜ ዝምታ አይደል? ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። የእናቴን ወለል የሌላ አገር ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አልችልም። ስለዚህ እሄዳለሁ።

የግቢውን ሕግ አከብራለሁ። በግቢው ሬዚን፣ በግቢው እንጨት የተሠራ ፎርማ የግቢው ነው። አልነካም። ያ ግን እዚህ አልተሠራም። ተሠርቶ አልቆ በአጎቴ መኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ በዚህ በር ገባ። ከቤቴ የመጣ ነው፤ ወደ ቤቴ ይመለሳል። ልለምንዎት አልቆምኩም፣ ምዜ። ልነግርዎት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ በእናቴ ግቢ ከልብስ ማስጫው ሥር እሠራለሁ። ጎረቤቶቼ ኡጋሊሽ አረረ ይበሉ፤ ለምጄዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከበርሜሉ ጀርባ «የሴት ልጅ ጓሮ ድረስ ማን ይሄዳል?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ዝም የሚል ሰው ብዙ ይሰማል። ጃፓን የሚፈልግ ጃፓን ይግዛ። ወደ እኔ የሚመጣ ግን የት ተሠራ ብሎ ቢጠይቀኝ ገልብጠህ እየው እለዋለሁ። ጥቁር አልቀባም።

በሉ፣ ልመርቃችሁ። ልጅ አዋቂን አይመርቅም እንዳትሉኝ፤ የሚሄድ ሰው ይመርቃል።

ምዜ፣ ባልዲ ያነሳልኝ እጅዎ አይድከም። ቁጣዎ ይብረድልዎ፣ ግቢዎ ሰው አይጣ። ማማ ንጃምቢ፣ ድስትዎ አይጉደል። ኦፖንዶ፣ ድምፅህን ለሌለው ማዋስህን አትተው፤ ዘፈኑን ግን ብታሻሽለው። ሁላችሁም ሳንባችሁ ከብናኝ፣ ዓይናችሁ ከማድረቂያ ይጠበቅ። አፍ መሸፈኛችሁን አድርጉ፣ አትታበዩ። የሠራችሁት ሁሉ በስማችሁ የሚጠራበት ቀን ይምጣላችሁ። ለእኔም አሜን በሉልኝ።

አሁን አጎቴ በር ላይ ቆሟል። የኮሮላዋ ጣሪያ ላይ ገመድ ተዘጋጅቷል። እናቴም ውስጥ ተቀምጣለች፤ ግቡ ብትሏት አፍራ እንቢ አለች። ዓይን አፋርነቴን ከማን እንዳመጣሁት አያችሁ?

አጎቴን አልጠራውም። እሱ የግቢው ሰው አይደለም። ፎርማው ደግሞ ረጅም ነው፤ የቀኙም የግራውም በአንድ ሳንቃ ላይ ነው። ምዜ ያስተማሩኝን ሕግ አልጥስም፤ ፎርማ አንድ ሰው አያነሳውም።

ይህን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ውስጥ አስገባለሁ፤ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል። ወደ ግድግዳው እሄዳለሁ።

በሉ እንግዲህ። እኔ በዚህ ጫፍ ይዣለሁ።