የመልካ ሆራ ቦይ ስለ ተሰበረበት ቀን መምህር ይልቃል የሰጡት ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ይልቃል ወንድምነህ
ዕድሜ፦ 31
የትውልድ ስፍራ፦ ጎጃም፣ ቢቸና
ሥራ፦ የመልካ ሆራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤ የቦይ እድሳት ኮሚቴ ጸሐፊ
አድራሻ፦ ጨርጨር፣ መልካ ሆራ ከተማ፣ ከመስጊዱ በላይ፤ የቤት ቁጥር የለውም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ረቡዕ ጥር 22 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ መልካ ሆራ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ነጋሽ አበራ
ጉዳዩ፦ አቶ ዓሊዩ ሙሜ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት የሆነውን ቦይ ሆን ብለው ሰብረዋል ስለ መባሉ

ከላይ ስሜ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ አቶ ዓሊዩ ሙሜን በሚመለከት ያየሁትንና የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቃሌን እሰጣለሁ። አቶ ዓሊዩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከታሰሩ ዛሬ ስምንት ቀናቸው ነው፤ የረመዳን ጾምም እዚሁ ገብቶባቸዋል። መዝገባቸው ዓርብ ወደ አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት እንደሚላክ ሃምሳ አለቃ ነግረውኛል። በዚህ ዕድሜ ወህኒ የሚወርድ ሰው በእግሩ እንደማይመለስ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ስለዚህ ቃልህን አሳጥር ብባልም አላሳጥርም ብያለሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ስለ ቦዩ ተጠይቄ የምመልሰው የሚከተለው ነው። ቦዩን ከጠላት ወረራ በፊት አንድ የግሪክ ተወላጅ የቡና ነጋዴ ያስቆፈረው ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። በዚያን ጊዜ መልካ ሆራ ብርቱካንና ሽንኩርት ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ትልክ ነበር ይባላል። እኔ የደረስኩት ግን ከገለምሶ የሚመጣ ካሚዮን ጥሩንባውን ነፍቶ ሳይቆም በሚያልፍባት መልካ ሆራ ነው። በ1952 ዓ.ም. 114 የነበሩት ተማሪዎቼ ዘንድሮ 61 ናቸው። የቀሩት ወላጆቻቸውን ተከትለው ድሬዳዋ ገብተዋል። ቦዩ ይታደስ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ እኔም በሙሉ ልቤ ደግፌዋለሁ።

ሥራውን የሠራው ኮሚቴው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። በአገሩ ልማድ ጉዛ ይሉታል፤ በእኛ አገር ደቦ የምንለው ነው። አቶ ዓሊዩ በአገሬው ዘንድ የውኃ አባት ስለሆኑ ሰውን የሚጠሩትም፣ ቦታ ቦታውን የሚያከፋፍሉትም እሳቸው ነበሩ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ጉዛ ተወጥቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀኛዝማች ኃይሉ በሁለቱ ላይ ተገኝተዋል፤ በሁለቱም ከፈረስ አልወረዱም። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት ጽሕፈቴ ስለሚነበብና ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት መካከል ሰዓት ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። የከብት ማሰሪያው መታጠፊያ ላይ፣ ከቦዩ ራስ ሁለት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በደረቁ ቦይ ውስጥ የወይዘሮ መይሙና ቤት አለ። ባሏ አብዱላሂ በበቅሎ ጫት ወደ ሚኤሶ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ከወር ሃያ ቀን ቤቱ የለም። እዚያ የሠሩት በድፍረት አይደለም። በመልካ ሆራ ባለቤት የሌለው መሬት ቦዩ ብቻ ስለነበረ ነው። መይሙና ነፍሰ ጡር ስለነበረች አቶ ዓሊዩ ለኮሚቴው ቀርበው ትውለድ፣ አርባ ቀኗንም ትጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱን እኛው አፍርሰን ከዳር እንሠራላታለን ብለው ጠየቁ። ተስማማን። ረመዳንም፣ ዓቢይ ጾምም፣ የሴትዮዋ አርባ ቀንም ካለፈ በኋላ ውኃው ሚያዝያ 12 ቀን እንዲለቀቅ ተወሰነ። ይህ ኮሚቴ ከተቋቋመ ጀምሮ በአእምሮ የተወሰነ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ጥር 4 ቀን አንድ ክቡር እንግዳ አሰበ ተፈሪ መግባታቸው ተሰማ። ቀኛዝማች እንግዳው ሳይመለሱ ቦዩን እንዲመርቁልን አሳስበው ቀኑን ወደ ጥር 14 ስበው አመጡት። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው። አቶ ዓሊዩ ሴትዮዋስ ብለው ጠየቁ። ቀኛዝማች የማዘጋጃ ቤቱ የእህል ጎተራ ባዶ ስለሆነ እስክትወልድ እዚያ ትግባ አሉ። አቶ ዓሊዩም ቀኛዝማችን አመስግነው ሄዱ።

ማክሰኞ ጥር 14 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አቶ ዓሊዩና እኔ በቦዩ ራስ ተገኘን። እኔ የተላክሁት ውኃው ከተማ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓቴ ይዤ ለእንግዳው እንዳቀርብ ነው። የቦዩ ራስ በጎረቤት ወረዳ፣ እግሩ በእኛ ወረዳ ስለሆነ የብረት በሩን የሚጠብቀው የዚያኛው ወረዳ ዘበኛ ገብሬ ነው። ምልክቱ ሦስት ጥይት እንዲሆን ተወስኗል። በ5 ሰዓት እንግዳው ሪባኑን ይቆርጣሉ፣ ቀኛዝማች ሦስት ይተኩሳሉ፣ ገብሬ ይከፍታል። በዚህ አገር እንግዳ ሲገባ ጥይት እንደሚተኮስ በስብሰባው ላይ ከነበርን ሰባት ሰዎች አንዳችንም ትዝ አላለንም።

በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የእንግዳው መኪና ከተማ ሲገባ የቀኛዝማች አሽከሮች ለክብራቸው ተኮሱ። ገብሬ ሦስት ቆጥሮ በሩን ከፈተ። አራተኛውና አምስተኛው ተኩስ የተሰማው እሱ ከከፈተ በኋላ ነው። ዝጋው፣ ይህ የአቀባበል ተኩስ ነው ብዬ ጮህኩበት። ገብሬም፣ «ከወረዳዬ የተጻፈልኝ ክፈት የሚል ነው። ዝጋ የሚል ደብዳቤ ካለዎት ያሳዩኝ» አለኝ። ደብዳቤ እንደሌለኝ፣ ውኃው ግን እየሄደ መሆኑን ነገርኩት። እሱም ውኃው መሄዱን እንደሚያይ ነገረኝ። ራሴ ልዘጋ ብል መክፈቻውን ኪሱ ከተተ። በጣም ተናደድኩ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ስለ በዓሉ መበላሸት ብቻ ነው።

አቶ ዓሊዩ ጫማቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ወርደዋል። በእነሱ ሥርዓት በቦይ ውስጥ የመጀመሪያው ውኃ ሲለቀቅ የውኃ አባቱ በባዶ እግሩ ከፊት ከፊቱ ይሄዳል። የተኛ ሰው ቢኖር ይቀሰቅሳል፣ የታሰረ ፍየል ቢያገኝ ይፈታል። ውኃው በመንገዱ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ በዳሩ፣ እሳቸው በውስጥ ሄድን። ደረቁ አፈር ውኃውን ስለሚጠጣው አካሄዱ ቀስ ያለ ነበር። እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሽማግሌው ሲያለቅሱም አይቻለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቁት ውኃ ነው።

በ4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ መታጠፊያው ደረስን። በመይሙና ቤት ውስጥ የሴት ጩኸት ሰማን። አዋላጇ ወይዘሮ ረዲያ እጅጌዋን እንደ ጠቀለለች ወጣች። አቶ ዓሊዩ በኦሮምኛ ጠየቋት። የመለሰችውን እኔም ሰምቻለሁ፤ የሕፃኑ እግር ቀድሞ መጥቷል፣ እናቲቱን ከቦታዋ ብናነሣት ሁለቱም ይሞታሉ ነው ያለችው። ውኃው ከኋላችን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነበር። አቶ ዓሊዩ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ ይቺ ሴት ጎተራ አልገባም?» አሉኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

አቶ ዓሊዩ አካፋ የያዙት ለመንገድ ማጽጃ ነው፤ ለመስበር አስበው አልያዙትም። ሮጠው ወደ ላይ ተመለሱና የቦዩን የታችኛውን ግድግዳ በአካፋው መናድ ጀመሩ። እኔ፣ አፍሬ የምናገረው ነው፣ ይህ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይተዉ ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ቦይ እኛ ሠራን፤ ተሰበረ፣ መልሰን እንሠራለን። እሷን ማን ይሠራል?» አሉኝ። ቃል በቃል ያሉት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ እኔም በእጄ አፈሩን ሳብኩ። ይህ በክሱ ላይ አልተጻፈም፤ ይጻፍልኝ።

ውኃው በተሰበረው በኩል ቁልቁል ወርዶ የበዓሉ ድንኳን ወደ ተተከለበት መስክ ገባ። ምንጣፉ ረጠበ፣ ሪባኑ ተወሰደ፣ ክቡር እንግዳው ወንበር ላይ ከቆሙበት በሰው ጀርባ ታዝለው ወጡ። ቀኛዝማች በፈረስ መጥተው የአቶ ዓሊዩን እጅ በለበሱት ጋቢ የፊጥኝ አሳሰሩ። በ5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሴት ልጅ ተወለደች። ሰዓቱን ያየሁት እንዳየው የተላክሁበት ሰዓት በእጄ ስለነበረ ነው። እናትና ልጅ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ሐሙስ ጥር 16 ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስለ ጥይቱም፣ ስለ ገብሬ ደብዳቤም፣ ቀኑ ስለ መሳቡም የተናገረ የለም። የተነጋገርነው ቦዩን ማን ሰበረው በሚለው ላይ ብቻ ነው። ቀኛዝማች በቃላቸው አስጻፉኝ፤ ወይዘሮ መይሙና ጥር 8 ቀን የጎተራውን ቁልፍ ተረክባ በእምቢተኝነት ከቦዩ ሳትወጣ ቀርታለች፣ አቶ ዓሊዩም ሆን ብለው ንብረት አጥፍተዋል የሚል ነው። የቁልፉ ርክክብ ቀንም ጥር 8 ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙኝ። እኔ ጻፍኩ። ስድስቱ ፈረሙ፤ ሰባተኛው ፈራሚ እኔ ነኝ። ዛሬ አቶ ዓሊዩ ላይ የቀረበው ዋና ማስረጃ ይህ ቃለ ጉባኤ ነው።

እውነቱ እንደሚከተለው ነው። ጎተራው ውስጥ ለእንግዶች የሚሆኑ የትምህርት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች ያስገባሁት፣ የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። ሰኞ ጥር 13 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወይዘሮ መይሙና ሰሌኗን ጠቅልላ፣ ድስቷን ይዛ፣ ሆዷን ደግፋ ወደ እኔ መጣች። እምቢ አላለችም። መጥታለች። ወንበሮቹን ማውጣት ሰልችቶኝ፣ ያን ቀን ሲያመላልሱኝ ውለው ደክሞኝ፣ በዓሉ ይለፍና ከነገ ወዲያ ነይ አልኳት። ይህን ያልኳት በማግስቱ ውኃው ሲለቀቅ በቤቷ ላይ እንደሚያልፍ እያወቅሁ ነው። «እሺ መምህር» ብላ ድስቷን አንሥታ ተመለሰች።

ሃምሳ አለቃ ነጋሽ በዚህ ጊዜ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ይህን ከፈረምክ ምስክር ሆነህ ገብተህ ተከሳሽ ሆነህ ትወጣለህ፣ ቤተሰብም ሥራም አለህ፣ አስብበት ብለውኛል። ምክራቸውን በደግነት እንደሰጡኝ አውቃለሁ። ስምንት ቀን አስቤበታለሁ፤ ሽማግሌው ስምንት ቀን የታሰሩት እኔ ሳስብ ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አድምጫለሁ፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለውም። ያስፈራራኝም ያባበለኝም የለም። ከዚህ በላይ በሃምሳ አለቃ ነጋሽ እጅ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ በኮሚቴው መዝገብ ላይ በእኔ እጅ የተጻፈው ሐሰት ነው።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ይልቃል ወንድምነህ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ነጋሽ አበራ
ጥር 22 ቀን 1955 ዓ.ም.