ፔንስልቬኒያን የሚያውቁት መምህር

ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ጠዋት፤ ጡረተኛው የታሪክ መምህር ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ተከናንበው የአሜሪካንን የምርጫ ዘመቻ በቴሌቪዥን ሲያዩ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ልብስ ሰፊዋ እታገኘሁ በራፋቸው ላይ ቆማ ትሟገታቸዋለች።

እታገኘሁ፦ ከእንግዲህ ደግሜ አልለምንዎትም መምህር። የእድሩ ስብሰባ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ይነሡ።

ወንድይፍራው፦ አንድ ጊዜ ዝም በይ እስቲ! ይኸውልሽ፣ ይኸውልሽ! አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር ብድግ እያለ ያጨበጭባል። ምን እንዳለ እኮ አንዱም አልሰማው።

እታገኘሁ፦ እርስዎስ ሰሙት?

ወንድይፍራው፦ እኔማ የዛሬ ዓመት ነው የሰማሁት። ያንኑ ነው የሚደግመው። «አገራችን ልትጠፋ ነው፣ የማድናት እኔ ብቻ ነኝ።» ተቀናቃኙም ማታ ይወጣና ያንኑ ይላል። ልዩነታቸው የክራባቱ ቀለም ነው። ከዚያ ፊኛ ይለቀቃል፣ ሚስትና ልጅ መድረክ ላይ ተደርድረው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ሰርግ ነው ቢሉሽ ታምኛለሽ።

እታገኘሁ፦ ያንኑ ከሆነ ታዲያ ሌት ተቀን ምን ያስፈጥጥዎታል?

ወንድይፍራው፦ ለትዝብት ነዋ! ዓለምን ዲሞክራሲ ላስተምር እያለ ሲዞር የኖረ አገር፣ የገዛ ድምፁን ቆጥሮ መተማመን ሲያቅተው ማየት... ምን ልበልሽ፣ አንጀት ያርሳል። ብዙ ሰው የመረጠው ሊሸነፍ እንደሚችል ታውቂያለሽ?

እታገኘሁ፦ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውናል።

ወንድይፍራው፦ አየሽ! ሕዝቡ ይመርጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሌሎች መራጮች ስለ ሕዝቡ ይመርጣሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሚሊዮን ሰው ተሰልፎ ይውላል፤ ፔንስልቬኒያ ያለች አንዲት ቀበሌ ግን ፕሬዚዳንቱን ታነግሣለች። ይኼ ምርጫ ነው? ዕጣ ነው እንጂ! የኛዎቹስ ብትይ? ሻይ ቤቱ ጋ ትናንት ሁለት ጎልማሶች ያገሬው ሰው ይመስል በነዚህ ሰዎች ተጣልተው በብርጭቆ ተፈነካክተዋል። አንዱ ባጃጁ ላይ የአንደኛውን ዕጩ ፎቶ ለጥፎ ይዞራል። ሰውዬው ደብረ ብርሃን የምትባል አገር መኖሯን በሕልሙም አያውቅ!

እታገኘሁ፦ የኛ እድር ስንት አባል አለው?

ወንድይፍራው፦ ምን?

እታገኘሁ፦ የፔንስልቬኒያን ቀበሌ ከቆጠሩ የራስዎን አያጡትም ብዬ ነው።

ወንድይፍራው፦ መቶ... መቶ ሠላሳ ይሆናል።

እታገኘሁ፦ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ። ለሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዳኛ። አቶ ጥላዬ።

ወንድይፍራው፦ ጥላዬን ተዪው። ጥላዬ ተራ ሰው ነው፤ ስለሱ ማውራት ራሱ ጊዜ ማባከን ነው።

እታገኘሁ፦ ተራ ሰው! የእድራችንን አዳራሽ የአማቹ የእህል መጋዘን ያደረገ ተራ ሰው። ወንድሜ አበጋዝ ተነሥቶ «ጆንያው መቼ ነው የሚወጣልን?» ስላለው ስሙን ከመዝገብ የሰረዘ ተራ ሰው። አበጋዝ ሲሞት ድንኳን የከለከለን ተራ ሰው።

ወንድይፍራው፦ ነፍሱን ይማረው። ጨዋ ልጅ ነበር።

እታገኘሁ፦ ለቀስተኛውን ያስቀመጥነው ላስቲክ ወጥረን ነው። ዝናቡ መሐሉ ላይ ሲያቁር ሴቶቹ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ እየገፉ ያፈስሱት ነበር። እርስዎ የት ነበሩ?

ወንድይፍራው፦ አሞኛል ብዬ ልኬብሽ የለም እንዴ? ወገቤን ይዞኝ...

እታገኘሁ፦ ወደ ቀብር ስንሄድ ያለፍነው በዚህ በመስኮትዎ ሥር ነው። የሁለቱ አሜሪካውያን ክርክር ይሰማ ነበር፤ ድጋሚውን እያሳዩ ነበር መሰለኝ። እርስዎም «ውሸታም!» ብለው ጮኹ። ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች የተሰደቡ መስሏቸው ቀጥ አሉ።

ወንድይፍራው፦ እኔ... አላወቅሁም።

እታገኘሁ፦ ወገብ እንደዚያ አያስጮህም መምህር።

ወንድይፍራው፦ ግቢ እስቲ፣ በር ላይ አትቁሚ። ብርዱ ገባ።

እታገኘሁ፦ አልገባም። ጥላዬ ባለፈው ስብሰባ ምን እንዳለ ልንገርዎ? «አሜሪካ በምርጫ ስትተራመስ እያያችሁ እኛን ምርጫ ምን ያደርግልናል? ተስማምተን መኖር አይሻልም?» አለ። ይኼን ከየት አመጣኸው ሲባል «ከመምህር ወንድይፍራው፣ እሳቸው ሁሉን ያውቃሉ» ብሎ መለሰ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

ወንድይፍራው፦ እኔ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም!

እታገኘሁ፦ ምን ማለትዎ ነበር?

ወንድይፍራው፦ ስሚኝ እታገኘሁ። እኔ ምርጫ የሚባል ነገር በንጉሡም አይቻለሁ፣ በደርግም አይቻለሁ፣ ከዚያም ወዲህ አይቻለሁ። ያ ሀብታም አገር እንኳ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ተለማምዶ ያመጣው እነዚህን ሁለቱን ከሆነ፣ የኛ እድር ምን ሊያመጣ ነው?

እታገኘሁ፦ አሜሪካን ላድን የተነሣሁ መሰለዎት እንዴ? እኔ የምሄደው ጆንያ ላስወጣ ነው።

ወንድይፍራው፦ ከኔ ምን ፈለግሽ ታዲያ? እጅ የሚያወጣልሽ ሰው ሞልቶሻል።

እታገኘሁ፦ ደንቡን ረስተውታል ማለት ነው። «ለዳኝነት ዕጩ የሚያቀርበው ከእድሩ መሥራቾች አንዱ ሲሆን፣ በአካል ተገኝቶ ያቀርባል።» አንቀጽ ሰባት። በማን እጅ እንደተጻፈ ልንገርዎ?

ወንድይፍራው፦ በኔ።

እታገኘሁ፦ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ወንድይፍራው፦ ያኔ መሥራቾቹ ሠላሳ ሁለት ነበርን። ትናንት የገባ ሁሉ እየተነሣ እንዳይበጠብጠን ብለን ነው። እንዲህ ተራ በተራ እናልቃለን ብሎ ማን አሰበ?

እታገኘሁ፦ አልቃችኋል። አሁን ፔንስልቬኒያ እርስዎ ነዎት።

ወንድይፍራው፦ አትቀልጂ። ዕጩው ማነው?

እታገኘሁ፦ እኔ።

ወንድይፍራው፦ አንቺ? ሴት? የእድር ዳኛ?

እታገኘሁ፦ በቀደም በረንዳዎ ላይ ቆመው ጎረቤቱን ሰብስበው «አሜሪካ እስከ ዛሬ አንዲት ሴት እንኳ ለፕሬዚዳንትነት መምረጥ ያቃታት ኋላ ቀር አገር ናት» ሲሉ አልነበረም?

ወንድይፍራው፦ እሱ ሌላ ነው።

እታገኘሁ፦ እንዴት ነው ሌላ የሆነው?

ወንድይፍራው፦ እነሱ ሠልጥነናል ስለሚሉ ነዋ!

እታገኘሁ፦ እኛ አልሠለጠንንምና ይፈቀድልናል።

ወንድይፍራው፦ አትጎንትዪኝ አልኩሽ እኮ! እውነቱን ትፈልጊያለሽ? ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ ቀድማኝ ሄዳለች፤ ልጅ አልሰጠንም። አንድ ቀን ጠዋት ሳልነሣ ብቀር በሩን ሰብሮ የሚያወጣኝ እድሩ ነው። ጥላዬ «መምህር ከዳኝ» ብሎ ቂም ከያዘብኝስ? አንቺ ወንድምሽ ሲሞት ላስቲኩን የሚወጥርልሽ ዘመድ ነበረሽ። ለኔ ላስቲክ ማን ይወጥርልኛል?

እታገኘሁ፦ ለዚህ ነው እንግዲህ።

ወንድይፍራው፦ አዎ፣ ለዚህ ነው! አሜሪካንን ቀኑን ሙሉ ስሰድብ ብውል ቀባሪ አላጣም።

እታገኘሁ፦ ዘጠነኛ ክፍል እያለን ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሲያስተምሩን፣ ጠመኔውን ይዘው ሲንጎራደዱ፣ ራስዎ ጣራውን የሚነካ ይመስለኝ ነበር። እቤት ገብቼ ለእናቴ «እንደሳቸው የማይፈራ ሰው የለም» ብያታለሁ።

ወንድይፍራው፦ እንዲህ አትበይኝ።

እታገኘሁ፦ ምን ልበልዎ ታዲያ? ለአንድ ቀን ቀብር ብለው ሃያ ሁለት ዓመት አንገትዎን ደፉ። ያም አልበቃ ብሎ፣ ሰባት ባሕር ተሻግረው ሰው ይንቃሉ።

ወንድይፍራው፦ ደብዳቤ ልጻፍልሽ። ዕጩነቷን እደግፋለሁ ብዬ ልፈርም። ታሞ ነው በያቸው።

እታገኘሁ፦ «በአካል ተገኝቶ።»

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ለከርሞ ይደር! ዛሬ ባይሆን ሰማይ አይደፋም።

እታገኘሁ፦ አይሆንም ያለዎት ማነው?

ወንድይፍራው፦ ያለ መሥራች እንዴት ይሆናል? ከጥላዬና ከኔ ሌላ ማን ተረፈ?

እታገኘሁ፦ እማማ ስንቅነሽ።

ወንድይፍራው፦ ስንቅነሽ! አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ እኮ ነው!

እታገኘሁ፦ አራት። ዛሬ ጠዋት ገላቸውን አጥበን፣ ነጭ ቀሚሳቸውን አልብሰን፣ ቃሬዛ ላይ አስተኝተናቸዋል። አራት ሴቶች ተሸክመዋቸው እየመጡ ነው። አሁን መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ አይቀሩም።

ወንድይፍራው፦ በዚህ ብርድ? መንገድ ላይ ብትሞትባችሁስ?

እታገኘሁ፦ ብያቸዋለሁ። «አዳራሹም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ መንገድ ነው፣ ብሞት አትመልሱኝ» አሉኝ። ከዚያ እየሳቁ ነጠላ አስተካክዪልኝ አሉ።

ወንድይፍራው፦ እሷ ካለችልሽ እኔ ዘንድ ምን ልትሠሪ መጣሽ ታዲያ?

እታገኘሁ፦ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ እሱን ጠይቂው፤ ኋላ የነገረኝ የለም እንዳይል» ብለው። እንግዲህ ጠየቅሁ። ደኅና ይዋሉ፤ የዚያኛውን አገር አሸናፊ ረቡዕ ይነግሩናል።

ወንድይፍራው፦ ቆይ! ቆይ እንጂ እታገኘሁ! ኮቴን ልልበስ... እኔም ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ልያዝ።

እታገኘሁ፦ አራቱም ጫፍ ተይዟል መምህር። ከፈለጉ ከኋላ ይከተሉ።