ስማቸው የጠፋባቸው የመዳብ ድንጋዮች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ድንጋይ ለካብ ነው፣ ለጉልቻ ነው፣ ለወፍጮ ነው፣ ሌላ ማዕረግ የለውም። ድንጋይ ጥጥ ተነጥፎለት፣ ስም ተጽፎለት፣ እንደ አራስ ተኝቶ ያየሁት ደብረ ማርቆስ ገብቼ ትምህርት ቤቱ በጽዳት የቀጠረኝ ጊዜ ነው። ከደብረ ኤልያስ ነው የመጣሁ፣ ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ልጅ ይዤ። እና በመጀመሪያው ቀን የሳይንስ ክፍሉን አጽጂ ተባልኩና ቁም ሳጥኑን ብከፍተው ድንጋይ በድንጋይ። አንዱን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ስል፣ ከኋላዬ አንድ ሰው ቀስ ብለው፣ «እሱን ከወረወርሽው እኔንም አብረሽ ወርውሪኝ» አሉ። መምህር ሞገስ ናቸው፣ የኬሚስትሪ አስተማሪው።

እሳቸው ታዲያ በተመደቡበት አገር ሁሉ ድንጋይ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው ያላገኙትን ከጓደኞቻቸው ለምነው፣ እንዲያ አድርገው ያጠራቀሙት ነው። ሲናገሩም እንዲህ ቃሉን እያኘኩ ነው፣ «ተ-መ-ል-ከ-ቱ፣ ልጆች፣ በዓ-ይ-ና-ች-ሁ» እያሉ።

አንድ ቀን ያስተምራሉ፣ እኔ በሩ ላይ መወልወያዬን ይዤ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። አረንጓዴውን ድንጋይ ከፍ አድርገው፣ «ይኼን አረንጓዴ ያደረገው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ዝገት ነዋ» አልኩ። ተማሪው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የምን ዝገት?» አሉኝ።

«የመዳብ። አያቴ ቤት የመዳብ ሰታቴ ነበር፣ ጓዳ ሲከርም እንዲህ ያለ አረንጓዴ ያወጣ ነበር። እኔ ነበርኩ በሎሚ የምፈትገው።»

ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «ልጆች፣ መልሱ ይኼው ነው። ይኼ ድንጋይ ውስጡ መዳብ አለ። አየርና ውሃ መዳቡን ይዘውት ነው እንዲህ የሆነው። ማላካይት ይባላል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በኋላ ሳጸዳ እየተቀመጡ አንድ በአንድ ያስተምሩኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ የያዝኩትን አልለቅም።

ምን ምን ነበር መሰላችሁ? አረንጓዴው ማላካይት እንደ መስከረም መስክ ነው። አዙራይት የሚሉት አለ፣ ሰማያዊ፣ የተልባ አበባ ቁርጥ። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፣ መዳብና ካርቦን ናቸው። ቦርናይት የምትባል አለች፣ ላይዋ እንደ ርግብ አንገት ሐምራዊም ሰማያዊም ነው፣ ስትሰበር ግን ውስጧ ቡናማ፣ መዳብና ብረት ከድኝ ጋር ነች። ራሱ መዳቡም አለ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ላዩ ጥቁር፣ ሲፍቁት ቀይ፣ በመዶሻ ቢመቱት የሚተኛ እንጂ የማይሰበር። ካልኮፓይራይት የሚሉት ቢጫ ደግሞ አለ፤ ለዚህ ስም ምላሴ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። እሱም መዳብ፣ ብረት፣ ድኝ ነው። እሱን የሚመስል ፓይራይት አለ፣ እሱ ብረትና ድኝ ብቻ ነው፣ መዳብ የለበትም። ሁለቱን ያየ ሁሉ ወርቅ ነው ይላል። መምህር ሞገስ ግን፣ «ማንጠግቦሽ፣ መልክን አትመኚ፤ ጫሪው፣ እሺው፣ መዝኚው» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጡና ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። እኔም በየሳምንቱ ድንጋዮቹን አራግፋለሁ፣ ስማቸውን እየጠራሁ አስቀምጣለሁ። ታዲያ አንድ ክረምት የክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ቁም ሳጥኑ ውሃ ገባውና ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ቡኮ ሆነ።

ያን ጊዜ አዲስ ርእሰ መምህር መጥቷል፣ በልጄ እድሜ ነው። ንግግሩ ጥድፊያ ነው፣ አየር አያስገባም። «ይኼ ምንድነው፣ ስም የለው፣ ምን የለው፣ በሩ ላይ ጭቃው አላሳልፍ ብሏል፣ እዚያ ይደፋ፣ ቁልፉን አምጪ» አለኝ።

«አልሰጥም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም። ወረቀቱ ነው የጠፋው እንጂ ስማቸው አልጠፋም። እኔ ጋ አለ።»

ሳቀና፣ «እንግዲያው ከዩኒቨርሲቲ የድንጋይ አዋቂ አስመጣለሁ። አንዱን ብትስቺ ድንጋዩም ይደፋል፣ አንቺም በእምቢታሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤሽን ትቀበያለሽ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቱ ቀላል ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ሌሊቱን የድንጋዮቹን ስም ስደጋግም አደርኩ። ለደብዳቤው አልነበረም። የመምህር ሞገስን የዕድሜ ልክ ልፋት በእኔ አፍ ስህተት ጭቃ ላይ እንዳላስደፋው ነው።

ሰውየው መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አጉሊ መነጽሩንና አሲዱን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ። «እሜቴ፣ ይጀምሩ» አለኝ። አረንጓዴውን አነሳሁና፣ «ማላካይት» አልኩ። አሲዱን ጠብ ሲያደርግበት ቸስ ብሎ ፈላ፣ ካርቦኑ ነው የሚያፈላው። «ልክ ነው» አለ። አዙራይትን አልኩ፣ ልክ ነው። ቦርናይትን አልኩ፣ ጠርዙን ሰበር አድርጎ ውስጡን አየ፣ ልክ ነው። መዳቡን እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ በክብደቱ ነው የነገርኩት።

ሁለቱ ቢጫዎች ቀሩ። ከመጠቆሬ በፊት ልጁ ራሱ አየት አደረጋቸውና፣ «እነዚህ እንኳ ግልጽ ናቸው፣ ሁለቱም ፓይራይት ናቸው» አለ።

«አይደሉም» አልኩ።

ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት፣ «ይኸው፣ ሳተች» አለ። እኔም ለዩኒቨርሲቲው ልጅ፣ «ልጄ፣ እውቀትህን አልናቅሁም። ሚስማር ብቻ ፈልግልኝ» አልኩት። ሚስማር መጣ። የመጀመሪያውን ጫርኩት፣ ሚስማሩን አዳለጠው እንጂ ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ጫርኩት፣ ተቧጠጠ። እና የተሰበረ ሴራሚክ ነበረን፣ ባልለሰለሰው ጀርባው ላይ ሁለቱንም አሸሁ። ያልተጫረው ጥቁር ጻፈ፣ የተቧጠጠው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ጻፈ። «ጠንካራው ፓይራይት ነው። የተቧጠጠው ካልኮፓይራይት ነው፣ መዳብ አለበት» አልኩ።

ልጁ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ ጭረቶቹን መረመረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እሜቴ ልክ ነዎት። እኔ በዓይኔ ብቻ ፈረድኩ» አለ። ይኼን ያለው በሰው ፊት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ። እና ወረቀት አውጥቶ እኔ እየነገርኩት አዲስ ስም ጻፈላቸው፣ ከዝርዝሩም ግርጌ፣ «የለዩት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ» ብሎ ጻፈ። ርእሰ መምህሩ ወጣና ወንበር ይዞ ተመለሰ፣ «ይቀመጡ» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲያ አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

ደግሞ በሳምንቱ ራሱ መጥቶ፣ «ለተማሪዎቹ እርስዎ ያሳዩልኝ» አለ። እምቢ ብል አልተወኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ያን ወለል ስንት ዓመት ተንበርክኬ አጥቤዋለሁ። የዚያን ቀን ቆሜ አስተማርኩበት። «ተ-መ-ል-ከ-ቱ፣ ልጆች» ብዬ ጀመርኩ፣ ከአፌ እንዲያው ወጣ። ሚስማሩን ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ፣ ሁሉም በእጁ ጫረ። አሁን ጡረታ ወጥቼም በየዓመቱ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ።

— እንዲህ ከሆነማ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ መምህርት ማንጠግቦሽ እንበልዎታ?

— በሉኝ እንጂ፣ ልጄ። ይገባኛል። (ሳቅ)