እናት የቀዳችው ድምፅ

(አዲስ አበባ፣ የአንድ ሆስፒታል የምርምር ክፍል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የትናየት የአንጎሏን ምስል በማሽን ተነሥታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች፤ እናቷ ወይዘሮ አስካለና አጥኚው ዶክተር ይሁኔ በር ዘግተው ይነጋገራሉ።)

አስካለ፦ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው ማኅተም ይምቱልኝ። «አንጎሏ ጤነኛ ነው» ይበል። እሱን አሳይቼ ከአልጋዋ አስነሣታለሁ።

ይሁኔ፦ አልጽፍም። ዕጢ የለም፣ ቁስል የለም፤ ድብርት የለም ማለት ግን አይደለም። ድብርት ከአንዲት ልጅ ምስል ላይ አይነበብም። እኛም የብዙ ወጣቶችን እያነጻጸርን ገና እየተማርን ነው።

አስካለ፦ ታዲያ ማሽኑ ያላየውን እርስዎ በየት በኩል አዩት? ቤቱን አሳርራ፣ ታመምኩ የምትለው እሷ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ይሁኔ፦ ጅራፉ የማን እንደሆነማ በድምፅ ቀድተነዋል። ባለፈው ሳምንት ድምፅዎን የወሰድነው ማሽኑ ውስጥ ሆና ስትሰማዎት አንጎሏ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነበር።

አስካለ፦ ሠላሳ ሰከንድ ይቆጡ ተባልኩ፣ ተቆጣሁ።

ይሁኔ፦ አራት ደቂቃ ነው የተቆጡት። ረዳቴ ሁለት ጊዜ ይበቃል ብላዎታለች።

አስካለ፦ ውሸት አልተናገርኩም። እህቷ በሷ ዕድሜ ክፍሏን አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ይቺ ፀጉሯን እንኳ አታበጥርም። «አንቺን ስወልድ የፈሰሰው ደሜ ይቆጨኛል» አልኩ። እናት አይደለሁ? ምን አጠፋሁ?

ይሁኔ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ወይዘሮ አስካለ። ቀጥለን ሙገሳ ስንጠይቅዎ ደግሞ ዝም አሉ።

አስካለ፦ ምኗን ላሞግስ? ረዳትዎ ጽፋ የሰጠችኝን አነበብኩላችሁ አይደል? «ልጄ፣ እኮራብሻለሁ፤ ስላለሽልኝ ደስ ይለኛል።» ይኸው፣ በቃሌም ይዤዋለሁ።

ይሁኔ፦ አዎ። ጥሩ አድርገው ነው ያነበቡት።

አስካለ፦ እሺ፣ ቁጣዬን ስትሰማ ምን ሆነች?

ይሁኔ፦ ንቅንቅ አላለችም። ደህና ነሽ ወይ ብለን በማይክሮፎን ጠየቅናት፤ ለምጄዋለሁ፣ ቀጥሉ አለችን።

አስካለ፦ አዩ? አልጎዳኋትም ማለት ነው።

ይሁኔ፦ ሙገሳውን ስንከፍትላት የማቆሚያውን ደወል ተጫነች። ወዲያው አወጣናት።

አስካለ፦ በደግ ቃል? እንዲህ ያለ ነገር የት ይታያል?

ይሁኔ፦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን። «ማሽኑ ምን አሳያችሁ? እናቴ እንዲህ የምትለኝ ልሞት ስለሆነ ነው?»

አስካለ፦ እና ምን አላችኋት?

ይሁኔ፦ «አይደለም፤ ትኖሪያለሽ» አልናት። ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።