ጋሼ ማንያዘዋል የነቀሉት ሶኬት

ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል? … ውይ፣ ጋሼ ማንያዘዋል። እግዜር ነው ያስደወለዎት። ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር ስልክዎ ዝግ ነው። … እኔ ነኝ፣ ስንዱ። … ይሰማዎታል? ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፤ ጤና ኬላው ውስጥ ኔትወርክ የሚገባው በዚች መስኮት ብቻ ነው። … አሁንስ?

… አዎ፣ እዚሁ አለ። ታብሌትዎ አልጠፋም። … ሞልቷል። እሱ ምን ጎደለበት። … በአይሱዙ? አልልክም። … አልልክም አልኩ እኮ፣ ጋሼ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ቅዳሜ እኔ ሥልጠና ሄጄ ሳለሁ የፍሪጁን ሶኬት የነቀለው ማን ነው?

… ዘበኛውንማ ጠየቅሁት። ቻላቸው «የምክር ቤት አባል በር ክፈት ሲለኝ እንዴት አድርጌ እከለክላለሁ» ነው ያለኝ።

… ሶኬቱ አንድ ስለሆነ። እሺ። … «በሩ ካልተከፈተ አይሞቅም ብዬ»? ጋሼ፣ የጠላ ጋን መሰለዎት እንዴ? ፍሪጅ እኮ ነው። ከሶላሩ ከተነቀለ ያው ቁም ሳጥን ነው። … ተበላሽቷል እንጂ። ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ጠቁሯል። ምልክቱ ከጠቆረ ለልጅ አይሰጥም። … ሁሉም። የኩፍኙም፣ የፖሊዮውም።

— እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። በሩን መለስ አድርጉልኝ፣ ንፋሱ ልጆቹን ይመታቸዋል።

… እናቶቹ ናቸዋ። ዛሬ የክትባት ቀን አይደለም እንዴ? ልጆቻቸውን አዝለው ከቆላው ወጥተው ግቢው ሞልቷል። ማዶ ቀበሌ ኩፍኝ ገባ ሲባል ሌላ ጊዜ ለምኛቸው የማይመጡት ሁሉ መጥተዋል። … ስመኝም አለች፣ ምራትዎ። የልጅ ልጅዎን ይዛ። … ገና አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ሕፃኑን «አያትህ ታብሌት ቻርጅ ሲያደርጉ ክትባትህ ተበላሸ» ልበለው?

… አልተቆጣሁም። … አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

… የታብሌቱ አጀንዳ መቼ ነው? … አሁን? ለሻይ ወጥታችሁ ነው የደወሉልኝ? … ለሙከራ ከተሰጣቸው አንዱ ስለሆኑ እርስዎ ሊመሰክሩ ነው። ገባኝ። … እኔ እኮ ጠላት አይደለሁም። መንግሥት ለተመራጩ ሁሉ ታብሌት ይግዛ ካላችሁ ይግዛ። አጀንዳው በወረቀት ተጽፎ፣ በበቅሎ ተጭኖ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ስብሰባው እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አምና የመንገዱን ነገር ሳያነቡ እጅዎን አውጥተው የመጡት በዚያ አይደል? … እኮ። ግን መብራት በሌለበት አገር የማን ሶኬት ተነቅሎ ነው የሚሠራው? ይቺን ብቻ ይጠይቁልኝ።

… «ዛሬን ዝም በይልኝ»? … የእንጀራዬን ነገር አያንሡብኝ፣ ጋሼ። መድኃኒት አበላሸች ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። … በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይነሡና «ሳላውቅ ነቅዬው ነው፣ ሌላ ክትባት ዛሬውኑ ይላክልን» ይበሉ። የጤናው መኪና ደባርቅ እናንተ ስብሰባ ላይ ነው የቆመው። አሁን ቢነሣ ሳይመሽ ይደርሳል። እናቶቹን እኔ አቆያቸዋለሁ። ዛሬ ከተመለሱ ግን ያንን ዳገት ደግመው አይወጡትም፤ ኩፍኙ ደግሞ አይጠብቅም።

… ይናገራሉ? … እውነትዎን ነው? … እግዜር ይስጥልኝ። እድሜ ይስጥዎ። … እንግዲያው ስልኩን አይዝጉት። እንዲሁ ከኮትዎ ኪስ ይቀመጥ፣ እኔም ልስማ።

— ስመኝ፣ ነይ ወደዚህ። እናንተም ጠጋ በሉ። ጋሼ ማንያዘዋል ምክር ቤት ላይ ስለ ክትባታችን ሊናገሩ ነው። … አዎ፣ ያለው ተበላሽቷል። ስለዚህ ነው ሌላ የሚጠይቁት። … እንዴት እንደተበላሸ ከራሳቸው ትሰሚዋለሽ። የስልኩ ድምፅ ደካማ ነው፣ እኔ እየሰማሁ እነግራችኋለሁ። … ዝም በሉ እስቲ።

…

— አፈ ጉባኤው ናቸው። … የጋሼን ስም ጠሩ። … ተነሡ።

…

— ታብሌቱ ሥራ አቃሎልናል እያሉ ነው። … ይሁን፣ እውነት ነው። … አመሰገኑ። … አሁን «ነገር ግን» አሉ። … ልጁን አባብይው፣ አልሰማ አለኝ። … «በአንዳንድ አካባቢዎች የኃይል አቅርቦት እጥረት ተስተውሏል።»

…

— ተቀመጡ። … አይ፣ ሌላ አላሉም። … ስለ ክትባት አላሉም፣ ስመኝ።

…

— ቆይ፣ አፈ ጉባኤው እየመለሱላቸው ነው። … «ለተነሣው የኃይል እጥረት…» … «ሶላር ያላቸው ጤና ኬላዎች ለተመራጮች ቻርጅ በማድረግ እንዲተባበሩ…» … እጅ አውጡ ተባለ። … ጸደቀ። በሙሉ ድምፅ።

… አለሁ፣ ጋሼ። … ሰማሁ። … በሙሉ ድምፅ ነው ያሉት፤ የእርስዎም እጅ አለበት ማለት ነዋ። … ሁሉም ሲያወጣ። … አዎ፣ ያልወጣ እጅ ያስታውቃል። … መኪናውስ? … ከስብሰባው በኋላ ለአፈ ጉባኤው ለብቻቸው ሊነግሩ? ያኔማ መሽቷል። ማን ነው በሌሊት ያንን መንገድ የሚነዳው?

… እኔ አልጮህኩም። ልጆቹ ናቸው የሚያለቅሱት። … አዎ፣ ሰምተዋል። ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። … ምን ጨመርኩበት? አንድም ቃል አልጨመርኩም። ሶኬቱን ማን እንደነቀለውም አልነገርኳቸውም፤ እርስዎ ይሉታል ብዬ ነበር።

… ስመኝ እጇን ዘርግታለች። ስልኩን ስጪኝ ነው የምትለው። … እኔ ምን አውቄ። ልጁን አዝላ ፊቴ ቆማለች። አማቴን ማን እንዳበላሸው ልጠይቃቸው ትላለች። … ልስጣት? … ጋሼ? … ሄሎ? … ሄሎ፣ ጋሼ ማንያዘዋል?

— ዘጋው።