ካባውን ያወለቀው ትክትክ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወደ ባሕር ዳር መናኸሪያ በተሳፈርሁበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ሳል ሲያጣድፋቸው፣ ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት ነርስ ጠየቀቻቸው።

«ሳሉ ከጀመርዎ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ሳምንት። ይፋግ ከተማ ያለችውን የልጅ ልጄን ልስም እየሄድሁ ነው።»

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ገና ሃያ ቀኗ!»

«ለትክትክ ክትባት ገና አልደረሰችማ! ሳልዎ ትክትክ ቢሆንስ፣ እትዬ?»

«ልጅ ሳለሁ ተከትቤያለሁ።»

«የክትባቱ ጉልበት እኮ በጊዜ ብዛት ይደክማል። ባክቴሪያውም ብልጥ ነው፤ የተከተበ ሰውነት እሱን የሚለይበትን ካባ አውልቆ የሚዞር ዝርያ በአንዳንድ አገር ተገኝቷል።»

«ራቁቱን?»

«ራቁቱን!»

«ኧረ ዓይን አውጣ!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሲስቁ ሳሉ እንደገና ያዛቸው።

«ወራጅ አለ! ጤና ጣቢያው ጋ አውርደኝ። መጀመሪያ ልመርመር፤ ልጅቷን ከዚያ እስማታለሁ።»

እኔም ጉሮሮዬን የከረከረኝን ሳል ዋጥሁና መስኮቱን ከፈትሁ።