ያላረፉት ሽመላዎች

አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ስሠራ እሁድ እሁድ ባሕሩ ዳር ወዳለው ረግረግ እየሄድኩ ወፍ አይ ነበር። መጋቢት ላይ ከደቡብ የሚመጡት መንጋዎች እዚያ አረፍ ብለው ነው ባሕሩን የሚሻገሩት። አንድ እሁድ ስመለስ መሐመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ አገኙኝ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም፤ ዳጉ ይሉታል። እሳቸው በይሉል ወደብ ጀልባ መግባቱን፣ የማን ግመል እንደጠፋ ሳይቀር ነገሩኝና “አንተስ ምን አየህ?” አሉኝ።

የምናገረው ማጣቴ አሳፈረኝ። ያየሁት ከሩቅ እየበረረ ያለፈ የሽመላ መንጋ ብቻ ነው። “ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ብዙ ሽመላ አርፏል” አልኳቸው።

“አርፏል? በዓይንህ አየህ?”

“አዎ፣ በዓይኔ።”

አመሰገኑኝና ፍየሎቹን ወደዚያ መለሱ። ለካ በዚያ ደረቅ አገር ሽመላ ያረፈበት ቦታ ውሃ አለ ማለት ነው። እኔ ለወሬ ማሟያ ነበር ያልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው መንገድ ላይ ተገናኘን። ፍየሎቹ ከስተዋል፤ ቁጥራቸውም ቀንሷል። ያን ዕለት ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ዝናብ ጥሎ፣ ሽመላዎች በእርግጥ ውሃ ዳር አርፈው አይቻቸው መምጣቴ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ጨብጠው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ አገር ቤት ስላለችው እናቴ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ “ደህና ዋል” ብለውኝ ፍየሎቻቸውን ነድተው አለፉ።

ምን አየህ አላሉኝም።